በግራው በኩል የሚሮጠው

«ሀሺሽ! በእኔ ኩሽና! ለዚያውም ሑዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን! ቆይ፣ እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በየትኛው ዓይኔ ነው ሰው የማየው?»

ጸሐይወርቅ ይህን የምትለው አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ጠርሙስ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነው፤ የሞተ አይጥ በጭራው እንደያዘ ሰው። ባሏ አስማማው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ግራ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል።

«መድኃኒት ነው እንጂ ሀሺሽ አይደለም። ሐኪም ነው ያዘዘው። ስሜ ሁሉ ተጽፎበታል፣ እይው።»

«ስምህ መጻፉ አይደል እንዴ የሚያሳፍረው! የሰፈሩ ጎረምሳ እንኳ ሲያጨስ ስሙን አያስጽፍም።»

«አይጨስም፤ ምላስ ሥር ነው የሚደረገው። ጠብ፣ ጠብ።»

«አየህ? አወሳሰዱንም ታውቅበታለህ!»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ጠርሙሱ ከኩሽና ተባሮ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ከፎጣው ጀርባ፣ «ዓይኔ እንዳያየው» በሚል ስምምነት።

አስማማው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ የሚሠራው አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ላውንድሪ ውስጥ ነው። በቀን አራት መቶ አንሶላ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ያጣጥፋል። ደብረ ብርሃን እያለ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ ይሮጥ ነበር። ጎበዝ ነበር ቢባል ውሸት ነው፤ ሰነፍ ነበር ቢባል ደግሞ ግፍ ነው። አምስተኛ ነበር። ውድድር በመጣ ቁጥር አምስተኛ። ሦስቱ ፎቶ ይነሣሉ፣ ለአራተኛው ሰው ያዝንለታል፤ አምስተኛውን ግን ውኃ የሚያድሉት ሰዎች እንኳ ዞር ብለው አያዩትም።

ካናዳ ከገባ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ሥራ ለወጠ፣ ቤት ለወጠ፣ ሴት ልጁን አሳድጎ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ላከ፤ ሩጫውን ግን አልተወም። ከሕንፃው ጀርባ ቁልቁል ይወርድና ዶን ቫሊ ሸለቆ ገብቶ ወንዙን ተከትሎ ይሮጣል። ባለፈው ዓመት የሜይ ማራቶንን በሦስት ሰዓት ከአርባ ሰከንድ ጨረሰ። አርባ ሰከንድ እኮ የጫማ ክር የሚታሰርበት ጊዜ ነው! አንዴ ብቻ ከሦስት ሰዓት በታች መግባት፣ ከዚያ ጫማ መስቀል፤ በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት ይኸው ነበር።

ያስቸገረው እግሩ ነው። ከመቀመጫው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ በግራ በኩል፣ የጋለ ሽቦ የገባበት ይመስለዋል። ነርቭ ነው አሉት። ክኒኑ ጨጓራውን አቃጠለው፣ ፊዚዮቴራፒው ኪሱን። ወጌሻም ሞከረ፤ ወጌሻው ራሱ ወገቡን ያመዋል። በመጨረሻ የቤተሰብ ሐኪሙ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ላከው። እዚያ ያለችው ሐኪም የምታየው እንደሱ ዕድሜያቸው ገፍቶ አርፈን አንቀመጥም ያሉ የረጅም ርቀት ሯጮችን ነው። የካናቢስ ዘይት አዘዘችለት። በጥቂቱ ትጀምራለህ፣ ቀስ እያልን እንጨምራለን፣ በየሁለት ሳምንቱ እንከታተልሃለን አለችው።

ክትትሉ የነርሷ የናዝራዊት ሥራ ነው። ናዝራዊት እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የጴንጤ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ ሲቸግራት ብቻ እንግሊዝኛ ትሰካበታለች። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ትደውላለች።

«ጋሽ አስማማው፣ ህመም ከዜሮ እስከ አስር?»

«ሰባት።»

«እንቅልፍ?»

«እንዳለ ነው።»

«ማዞር? ልብ ድው ድው ማለት?»

«የለም።»

«ሌላ ሰው የማያየውን ነገር ማየት፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን መስማት?»

«ሚስቴ ስትቆጣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማት። ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም» ትላለች እየሳቀች። ኪቦርዷ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማዋል።

መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ነው የሚወሰደው። ወረቀቱ ላይ ከምግብ ጋር ይወሰድ የሚል አለ፤ አስማማውም አንብቦታል። ግን ሑዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። መድኃኒት ጾም አይፈታም ብሎ በራሱ ሥልጣን ወሰነና በባዶ ሆዱ ይወስደው ጀመር። ናዝራዊት ስለ ጾም አልጠየቀችውም። በእነሱ ቤት ሃምሳ አምስት ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ከየት ይምጣላት? እሱም አልነገራትም። ደብቆ አይደለም፤ ልጅቷ «ለምን ይጾማሉ?» ካለችው ነገሩ ከእግር ወጥቶ ሃይማኖት ውስጥ ይገባል፣ ከሃይማኖት ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

ሩብ ሚሊ ወሰደ፤ ምንም። ግማሽ፤ ምንም። አንድ ሙሉ፤ ሰባቱ ስድስት ሆነ። ናዝራዊት ሐኪሟን ጠይቃ አንድ ተኩል አደረሰችው። «ጠንካራ ነዎት ጋሽ አስማማው፣ ሌላው ሰው በዚህ ዶዝ ሶፋው ላይ ተኝቶ ጣሪያ ነው የሚያየው» አለችው። ደስ አለው። ጠንካራ የሚል ቃል ከሰማ ቆይቷል።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ።

ስለ ፋሲካ መብል ማውራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት አስማማው ቅቤው የሚንጣለል ክትፎ በላ፣ እንደ ወትሮው አንድ ተኩሉን ምላሱ ሥር አደረገ፣ ጫማውን አሰረ፣ ሸለቆው ገባ። ጭጋግ ነበር። ከላይ ሸለቆውን በሚያቋርጠው ድልድይ ላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ ድልድዩ ግን አይታይም። ወንዙም ይሰማል፣ አይታይም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሮጠ ሽቦው ወጣ። ቀነሰ አይደለም፤ ወጣ። ካልሲ ከእግር እንደሚወልቅ ተስቦ ወጣና እግሩ ባዶ ሆነ። አስማማው «ተመስገን» ሊል አፉን ሲከፍት በግራው በኩል ኮቴ ሰማ።

ድም። ጠቅ። ድም። ጠቅ።

አንዱ እግር ከባድ፣ አንዱ ቀላል። የሚያነክስ ሰው ሩጫ ነው። ያውቀዋል ይህን ድምፅ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በላውንድሪው ኮሪደር የአንሶላ ጋሪ ሲገፋ ከገዛ እግሩ ሥር ሲሰማው ኖሯል። ወደ ግራ ዞር አለ፤ ቁጥቋጦና ጭጋግ። ፊቱን መለሰ። ያኔ በዓይኑ ጠርዝ ትከሻ አየ። ሰው አይደለም፤ ትከሻ ብቻ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። ትንፋሽም አለ፤ በጥርስ መሃል የሚወጣ፣ ያመመው ሰው ትንፋሽ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ሯጭ ግን ኮቴ ሲሰማ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስማማው ፈጠነ። ያኛውም ፈጠነ። ሠላሳ ኪሎሜትር እስኪሞላ አብረው ሮጡ። ቤቱ ደርሶ ሰዓቱን ሲያይ የዛሬ አሥር ዓመት የሮጠውን ፍጥነት ሮጧል። እግሩን ነካካው። እንጨት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር።

«ህመም ከዜሮ እስከ አስር?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ? ሪሊ? ጋሽ አስማማው፣ እንዴት ደስ ይላል! ማዞር?»

«የለም።»

«ሌላ ሰው የማያየውን ማየት፣ የማይሰማውን መስማት?»

አስማማው ሶፋው ላይ ነው የተቀመጠው። ስፖንጁ በግራው በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለ መሰለው። አሰበ። አዎ ቢላት ዶዙን ትቀንሳለች። ዶዙ ከቀነሰ ሽቦው ይመለሳል። ሽቦው ከተመለሰ ማራቶኑ የለም። ሦስት ሳምንት እንኳ ያልቀረውን!

«የለም» አለ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ቅቤው በየቀኑ ነው፣ ዘይቱ በየቀኑ ነው፣ ያም ሰውዬ በየቀኑ ነው። መጀመሪያ ሸለቆው ውስጥ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታ መጣ፤ አስማማው ጋሪውን ሲገፋ በግራው በኩል ድም፣ ጠቅ። በስድስተኛው ቀን አስማማው ሊፍት ውስጥ ከገባ በኋላ በሩን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆየ። ለምን እንደቆየ ራሱም ቆይቶ ነው የገባው። ጸሐይወርቅ ደግሞ አልጋ ላይ ጠርዝ እየያዘ ሲያስቸግራት፣ «ግድግዳው ላይ ለጥፈኸኝ አንተ መውደቅህ ነው፤ መሃሉን ለማን ተውከው?» አለችው። እንቅልፍ ያዘኝ ብሎ ተሸፋፈነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት የሚሮጠው ሙሉነህ ነው። ሙሉነህ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ክሬሰንት ታውን ነው የሚኖረው፣ አፉ አያርፍም።

«አንተ፣ ያ ሀሺሽህ ሠራ አሉ! ፀጉርህ ብቻ ነው የቀረው ሊጠቁር» አለው፣ እየሮጡ።

«መድኃኒት ነው።»

«እሺ፣ መድኃኒት ያጨስከው ሰውዬ፣ ምነው ሣሩ ላይ ትሮጣለህ?»

«የቱ ጋ?»

«በቀኝ በኩል፣ ጠርዝ ለጠርዝ። መንገዱ ይኸው ባዶ ነው። ለማን ነው ቦታ የምትለቀው?»

«ለቢስክሌት።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ቢስክሌት አላለፈንም እኮ።»

ሙሉነህ ይህን ብሎ ሳቀና በግራ በኩል፣ ባዶ በሆነው ቦታ፣ ጎኑ ሊሮጥ ገባ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ሳቁን ተወ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረና አስማማው ጀርባ ሆነ፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረም። ሙሉነህ! ሲለያዩም አስማማውን ሳይሆን ከአጠገቡ ያለውን አስፋልት እያየ «በሉ ቻው» አለ። ለምን እንዲያ እንዳለ አስማማው አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበው ጀመር፤ ሰውዬው እየባሰበት ነው። መጀመሪያ ያነክስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ይጎትት ጀመር፤ ድም፣ ከዚያ ረጅም ሽርርር፣ ከዚያ ጠቅ። ትንፋሹ ወደ ማቃሰት ተለወጠ። የአስማማው እግር ግን እንደ አዲስ ነው። እንዲያውም ምንም አይሰማውም፤ ጠዋት ካልሲ ሲያጠልቅ እግሩ የት እንዳለ አይቶ ነው የሚያውቀው።

ከማራቶኑ እሑድ በፊት ያለው ማክሰኞ የእረፍት ቀኑ ነበር፤ ሰውነት ለማፍታታት ያህል ሸለቆው ወረደ። ፀሐይ ወጥታለች። ቀስ ብሎ እየሮጠ፣ ከድልድዩ በታች አንድ የመናፈሻ ወንበር ያለበት ቦታ ሲደርስ፣ በግራው በኩል የነበረው ድምፅ ቆመ።

ሃያ ርምጃ ያህል ሮጦ ዞረ።

ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ቀን በዓይኑ ጠርዝ ትከሻ ብቻ ሲያይ ቆይቶ አሁን በጠራራ ፀሐይ ሙሉውን አየው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ። ሁለት እጁን የግራ ብሽሽቱ ላይ ጨምቆ ይዟል። መቀመጫው ላይ አይደለም፣ ሽቦው ባለበት በኩልም አይደለም፤ ብሽሽቱ ላይ። ጣቶቹ ነጥተዋል።

አስማማው ሳያስበው እጁን የራሱ ብሽሽት ላይ አደረገና ጫን አለው። ምንም። ግን ጭኑ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሌላ ሰው ጭን የሚነካ ነው የመሰለው።

ያን ጊዜ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ።

«ጋሽ አስማማው፣ ናዝራዊት ነኝ፤ ፎሎው አፕ። ህመም ከዜሮ እስከ አስር?»

«ዜሮ።»

«ሱፐር! ማዞር?»

«የለም።»

«ሌላ ሰው የማያየውን ማየት፣ የማይሰማውን መስማት?»

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ቀና ሊል ነው። አገጩ ትንሽ ትንሽ ይነሣል። አስማማው ፊቱን እንዳላይ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። መንገዱ ፊት ለፊቱ ነው፤ ጥሎት መሄድ ይችላል። አንዴ አድርጎት ያውቃል። ደብረ ብርሃን፣ አንድ የክለቡ ልጅ ጭኑን ይዞ መንገድ ዳር ሲቀመጥ አይቶ አልፎታል። ያን ቀን አራተኛ ወጣ። በዕድሜው ሙሉ አራተኛ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲያ አልሮጠም።

«ጋሽ አስማማው? አሉ?»

«አለሁ» አለ። «አዎ።»

«ምን አዎ?»

«አያለሁ። እሰማለሁም። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ ብሽሽቱን ይዟል።»

ኪቦርዱ ቆመ። «ማነው የተቀመጠው?»

«እግሬ» አለ አስማማው። ሌላ የሚሻል ቃል አላገኘም።

ናዝራዊት አልሳቀችም። «ኦኬ። መድኃኒቱን በምን ነበር የሚወስዱት? ምን በልተው?»

«አሁን ነው ወይስ በጾሙ?»

«በየትኛው ጾም?»

«ሑዳዴ ነዋ። ያን ጊዜ በባዶ ሆዴ ነበር። አሁን ክትፎ እበላለሁ። ቅቤ ያለው።»

ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆነ። «ጋሽ አስማማው፣ ዘይቱ ከቅባት ጋር ሲሆን ሰውነት ውስጥ የሚገባው ብዙ እጥፍ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በባዶ ሆድ የሚወስዱትን ዶዝ ነው ስንጨምርልዎት የነበረው። አሁን እግርዎት ላይ ምን እንዳለ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ቁጭ ይበሉ። እንዳይራመዱ! አምቡላንስ እጠራለሁ። ወንበር አለ አይደል አጠገብዎት?»

«ሰው አለበት።»

«እባክዎት ይቀመጡ።»

ሃያ ርምጃውን ተመለሰ። በቀኝ በኩል፣ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ወደ ግራ አልዞረም። ማቃሰቱን ይሰማል፣ ሙቀቱንም ይሰማዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ሙቀት። እንዲህ ጎን ለጎን ሆነው ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ።

የአምቡላንሱ ሰዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አልጋቸውን እየገፉ በቢስክሌቱ መንገድ መጡ። ሴቲቱ «ብቻህን ነህ?» አለችው። መልስ ሳይሰጣት ደግፈው አነሡት። ግራ እግሩ መሬት ነካ።

ያን ጊዜ ተመልሶ ገባ። ሁለት ሳምንት ውጭ የከረመው በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በብሽሽቱ በኩል ገባ። አስማማው የጮኸው ጩኸት ድልድዩ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። ወንበሩን አየው፤ ባዶ ነው።

የጭኑ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ሽቦው የድሮው ነርቭ ነበር፤ ስንጥቁ ግን አዲስ ነው፣ ህመም ሳይከለክለው ሲሮጥ ያመጣው። ቀዶ ሐኪሙ እሑድ ሮጠህ ቢሆን መሃል መንገድ ላይ ለሁለት ይሰበር ነበር አለው። ሦስት ብሎን አስገቡለት።

ጸሐይወርቅ ሆስፒታል ስትደርስ እያለቀሰች ነው የጀመረችው። «ብዬህ ነበር! ሀሺሽ ነው ብዬህ ነበር!» ናዝራዊት በስልክ ስለ ጾሙና ስለ ቅባቱ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ጸሐይወርቅ አዳመጠች፣ አሰበች፣ ከዚያ፣ «እና ጥፋቱ የኔ ቅቤ ነው እያልሽኝ ነው?» አለች።

ማራቶኑ ያለ አስማማው ተሮጠ። ሙሉነህ በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገባ፤ ደውሎ ብዙ አወራ፣ ስለዚያ ቅዳሜ ግን ምንም አላነሣም። ሐኪሟ የሚሮጥበትን ቀን አልነገረችውም፤ መራመዱን እንይ ነው ያለችው። ዘይቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ቁርስ ጋር ይወሰዳል፣ ክትትሉ በየሳምንቱ ሆኗል። ናዝራዊት ጥያቄዎቿ መጨረሻ ላይ «ጾም አለ?» የሚል ጨምራበታለች። ህመሙ አራት ነው። አስማማው አራት ሲል ድምፁ ውስጥ እንደ ማረፍ ያለ ነገር አለ፤ አራቱ የት እንዳለ ያውቃል። ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ፤ የአምቡላንስ ሂሳብ፣ አርባ አምስት ዶላር። ጸሐይወርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችለት። ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ በጥሞና ሰማት።

«ስንት ሰው ጫንን ይላል?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው? አንድ ነዋ።»

«አንድ ይላል? ደህና አድርገሽ አንብቢው።»

«አንድ ታካሚ፣ አርባ አምስት ዶላር። ዘጠና እንዲሉህ ፈልገህ ነው?»

አስማማው የባንክ ካርዱን አወጣና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ጋ ደወለ፤ ቆጠራውን ሳይከልሱት እዚያው በስልክ ከፈለ።